ሽንፈት ፍለጋ ወደ ድሬዳዋና ሐረር

ሐሙስ

ወደ ድሬዳዋ የምሄደው ስለ ሽንፈት ልጠይቅ ነው። የክለብም፣ የብሔራዊ ቡድንም ሽንፈት። የያዝኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እንደ ደጋፊ ከሁሉ በላይ ያመመህ ጨዋታ የትኛው ነው?» ላገኘሁት ሰው ሁሉ ይህንኑ አቀርባለሁ።

ድሬዳዋን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አዘጋጅታለች። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በ1960 አዲስ አበባና አስመራ ላይ፣ በ1968 ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ። የዛሬው ወጣት ይህን የመጨረሻውን ብዙም አያውቀውም። የድሬ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ተካሂዶበታል ስትለው ይገረማል። ስለ ኳስ ቁስል መስማት ካለብኝ፣ ያን የመሰለ ድግስ አይቶ ከዚያ ለረጅም ዓመታት የናፈቀ ከተማ ይሻላል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ባቡሩ በጠዋት ወጣ። አዳማን አልፈን መተሐራ እስክንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አንቀላፍቶ ነበር። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ሰው ነቃ፤ ወሬም ተጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቤተሰቦቹ ጋ ወደ ድሬ እየተመለሰ ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰልኝ።

«ቡርኪና ፋሶ! 4 ለ0። ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ። አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።»

ያን ጊዜ ያላዩ አንባቢዎች ስላሉ ላስታውስ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2005 ነው። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። በማጣሪያው ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ3 አሸንፋን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ0 ረታናት። በድምሩ 5 ለ5 ሆነ። ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። የዚያን ዕለት ሰው መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው የጨፈረው። የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፍ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ላይ መጀመሪያ የገጠመችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ናት። ሳላዲን የመታውን ፔናሊቲ በረኛው አዳነበት። የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ጎልም ገባብን። በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ አቻ አደረገን። 1 ለ1። ያ ውጤት ልባችንን ሰቀለው። ከዚያ ቡርኪና መጣች። ጨዋታው ገና 1 ለ0 ሳለ የእነሱ በረኛ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። በቃ፣ አሁን እናገባለን አልን። አሥር ሆነው ሦስት ጎል ጨመሩብን። በመጨረሻው ጨዋታ ናይጄሪያ በሁለት ፔናሊቲ 2 ለ0 አሸነፈችን። በዚያም በረኛችን በቀይ ወጣና፣ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ጎል ላይ ቆመ።

«ከናይጄሪያው ይልቅ የቡርኪናው ለምን?» አልኩት ልጁን።

«የእነሱ በረኛ ሲወጣ አባቴ ከትከሻው ላይ ወደ ላይ ወረወረኝ። በጣም ነው የተደሰተው። ከዚያ ጎሎቹ ሲገቡ ቀስ ብሎ አወረደኝ። ምንም አላለም። ለእኔ ሽንፈት ማለት ያ ነው።»

ሚኤሶን ካለፍን በኋላም ስለዚሁ ነበር የምናወራው። ድሬ ስንደርስ አመሻሽ ሆኗል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። በባጃጅ ከዚራ ገባሁ። የድሬ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ሳምቡሳ በሻይ በልቼ በጊዜ ተኛሁ።

ዓርብ

ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ስታዲየሙ ሄድኩ። ወዳጄ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቀጥሮኛል። ጡረታ የወጡት ከጥጥ ፋብሪካው ነው። ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ዛፍ ጥላ ሥር ጠበቁኝ። እጅ ነስቼ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ በ1968 እዚህ ነበሩ አሉ» አልኳቸው።

«የት እሄዳለሁ ታዲያ? አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም።»

ከዚያ እጃቸውን ወደ ሜዳው እየቀሰሩ ተረኩልኝ። የድሬዳዋው ምድብ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን ወስዳ፣ በዚያው ዓመት ጀርመን ላይ ዓለም ዋንጫ ተጫውታ ነበር። ሁሉም እሷን ለማየት ነበር የሚጋፋው። ናይጄሪያ 4 ለ2 አሸነፈቻት። አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከምድቡ ወደቀች። የአፍሪካ ሻምፒዮን ዘውዱን የጣለው እዚሁ ከተማ ነው ማለት ነው። ሞሮኮ ደግሞ ከዚሁ ምድብ ተነስታ ዋንጫውን ወሰደች።

የዚያ ዓመት ዋንጫ አወሳሰዱም ለተሸናፊው የሚያቃጥል ነበር። በፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። አራቱ አላፊዎች እርስ በርስ ተጫውተው ነጥብ የበለጠው ነው ያሸነፈው። የመጨረሻው ቀን አዲስ አበባ ላይ ጊኒና ሞሮኮ ተገናኙ። ለሞሮኮ አቻ ይበቃታል። ጊኒ ግን ማሸነፍ አለባት። ጊኒ ከእረፍት በፊት አግብታ ስትመራ ቆየች። በ86ኛው ደቂቃ ሞሮኮ አቻ አደረገች። አራት ደቂቃ ነው የቀራቸው! ጊኒ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ አታውቅም። ኮናክሪ ላይ የሚኖር የእኝህን አባት እኩያ ማን ጠይቆት ይሆን?

«እርስዎንስ ያመመዎት የትኛው ነው?» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «የእኛው ነው እንጂ የማን ይሆናል። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ነበረች፣ ዑጋንዳን 2 ለ0 አሸነፈች። ጊኒ 2 ለ1 አሸነፈችን። ግብፅን ካሸነፍን እናልፋለን። ሬዲዮ ከበን ተቀምጠናል። 1 ለ1 አለቀ። ወደቅን። በማግሥቱ እዚህ ስታዲየም የሰው ቡድን ልናይ እንመጣለን ማለት ነው። ሠርጉ ቤትህ ሆኖ ሙሽራው የጎረቤት ልጅ ሆነ። እኔ በዕድሜዬ ብሔራዊ ቡድናችን የዋንጫ ጨዋታ እዚህ ሲጫወት አላየሁም። ሌላውን ሁሉ አየሁ። የራሴን በጆሮዬ ሰማሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ግን ወረቀቴ ላይ ‹በጆሮዬ ሰማሁ› የሚለውን ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት።

ስለ ክለብም ጠየቅኳቸው። የዛሬ ልጆች ስለ ድሬዳዋ ክለብ ሲያስቡ የሚያውቁት ‹ከነማ› የሚባለውን የከተማውን ክለብ ነው። እሳቸው ግን የጥጥ ፋብሪካውን ክለብ ነው የሚያነሱት። በ1950ዎቹ ያ ክለብ የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነትን ደጋግሞ ወስዷል። የፋብሪካ ሠራተኛ ቡድን የሸዋን ክለቦች አሸንፎ ዋንጫ ይዞ በባቡር ሲመለስ ከተማው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ የኢትዮጵያ ተወካይ የድሬው ጥጥ ፋብሪካ ነበር። ያውም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች በ1957 አክራ ላይ ተሰባሰቡ። ጥጥ ፋብሪካ በማሊው ስታድ ማሊያን ተሸነፈ። ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ።

«ያኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከዚያው ፋብሪካ ነበር። አክራ የት እንደሆነ እንኳ አናውቅም። ውጤቱ ዘግይቶ ነው የደረሰን። ሰው ተሰብስቦ ‘እንዴት ሆነ? እንዴት ሆነ?’ ይባባል ነበር። እንዴት እንደተሸነፉ የሚነግረን ሰው አጣን።»

ስለ ድሬዳዋ ኳስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ሲወለድ ከአራቱ አንዱ የዚህ ከተማ ልጅ ነበር። ይህ ታሪክ ስታዲየሙ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ መነበብ ይገባዋል።

የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ አባባ ተነሱ። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሰዓት የድሬን ወንዶች ማግኘት ከፈለግህ ዲኤስቲቪ ቤት ሂድ። ሳቢያን አካባቢ አንዱ ዘንድ ገባሁ። መግቢያ ይከፈላል። አግዳሚ ወንበሮች፣ ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች፣ ሦስት ቬንትሌተር። ግማሹ ጫቱን ይዞ ነው የተቀመጠው። ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ክለቦች ባንዲራ ተሰቅሏል።

ጥያቄዬን ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ ተነሳ።

የአርሰናል ደጋፊው ቀደመ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። «ፓሪስ 2006» አለ፤ እዚህ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በፈረንጆች ነው። ከባርሴሎና ጋር የተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ። ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ሶል ካምቤል በግንባሩ አገባ። ከእረፍት በኋላም መሩ። ኤቶ አቻ አደረገ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቤሌቲ ሁለተኛውን አገባ። 2 ለ1። «ሩብ ሰዓት ያህል ነበር የቀረን፣ ወላሂ። ያኔ የተወለደው ልጄ ዛሬ ጺም አብቅሏል። ያን ዋንጫ ግን አላየሁትም።» ስለ 8 ለ2ቱ የኦልድ ትራፎርድ ሽንፈት ሌላው ሊያነሳበት ሲል እጁን አወናጨፈ። «እሱ አያምም። ሲበዛ አያምም። የሚያምመው ለጥቂት የሚቀረው ነው» አለ። ስለ 2023ቱም ይኸንኑ ተናገረ። አርሰናል በዚያ የውድድር ዘመን 248 ቀን አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ዋንጫውን ሲቲ ነው የወሰደው።

የዩናይትዱ ልጅ የግንቦት 2012ን የመጨረሻ ቀን አነሳ። ዩናይትድ ሰንደርላንድን አሸንፎ ጨርሷል። ሲቲ በራሱ ሜዳ ከኪውፒአር ጋር እየተመራ ጭማሪ ሰዓት ገብቷል። ከዚያ ሁለት ጎል ገባ፤ የመጨረሻው የአጉዌሮ ነው። «እኛ እዚህ ቤት ውስጥ መጨፈር ጀምረን ነበር። ወንበር ላይ ቆሜ ነበርኩ።» የሊቨርፑሉ ደግሞ ጄራርድ ከቼልሲ ጋር ተንሸራትቶ የወደቀባትን ቅጽበት ማንሳት አልፈለገም። «ከእሷ ይልቅ ፓላስ» አለ። ከክሪስታል ፓላስ ጋር 3 ለ0 እየመሩ 3 ለ3 የወጡበትን ማለቱ ነው። ሱዋሬዝ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ሲወጣ አብሮት እንዳለቀሰ ነገረን። ማንም አልሳቀበትም።

አንድ ጥግ የተቀመጠ ዝምተኛ ሰው ነበር። የማንን ክለብ እንደሚደግፍ እንኳ አላውቅም። በመጨረሻ «ጋና» አለ። ቤቱ በሙሉ «አዎ!» አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ 2010። ጋና ከኡራጓይ። 1 ለ1፣ የጭማሪው ሰዓት መጨረሻ። ሱዋሬዝ ወደ ጎል የምትገባ ኳስ በእጁ መለሰ። ፔናሊቲ። ጂያን መታ፤ ኳሷ አግዳሚውን ነካች። ከዚያ በመለያ ምት 4 ለ2። አንድ አፍሪካዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊደርስ የቀረው አንድ ምት ነበር። «ድሬ ያን ሌሊት ዝም አለች» አለ ሰውየው። «መንገድ ላይ ባጃጅ እንኳ ጥሩንባ አልነፋም። የእኛ ቡድን አልነበረም እኮ። ግን የእኛ ነበር።»

አንዳንድ ሰው እነዚህን ደጋፊዎች ይወቅሳል። ያላዩትን አገር ክለብ ይወዳሉ፣ ለሰው ያለቅሳሉ ይላል። እኔ አልወቅሳቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ለአንድ ክለብ የተቀመጠ ሰው ፍቅሩ እውነተኛ ነው። እንባውም እውነተኛ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ፍቅር ያለበት ከተማ የራሱን ቡድን ለማየት ይህን ያህል ዕድል አለማግኘቱ።

የጨርቅ ነጋዴውን ይህንኑ ጠየቅኩት። «የድሬው ከነማስ?»

ፊቱ ተለወጠ። «እሱማ ሌላ ነው። አርሰናል ቢያመኝ እስከ ማክሰኞ ነው። ብርቱካናማዎቹ ላለመውረድ የሚጫወቱ ቀን ግን ሱቅ አልከፍትም።»

እሁድ

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎን ስትወጣ የድሬ ሙቀት ከኋላህ ይቀራል፤ መስኮት መዝጋት ትጀምራለህ። ሐሮማያን፣ አወዳይን አለፍን። አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ቆምን። ሐረር ሸዋ በር ጋ ወርጄ በጁገል ጠባብ መንገዶች ውስጥ ለውስጥ ሄድኩ። ፈረስ መጋላ ላይ ሙሸበክ ገዛሁ። ስለ ጁገል ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ ጉዳዬ ኳስ ነው።

የወዳጄ እህት ቡና አፍልታ ጠበቀችን። መምህርት ናት። የኳስ ነገር ከወንድሞቿ ይልቅ እሷ ነው የምታውቀው። ወንድሟ ስለ ሐረር ቢራ ጀመረልኝ። የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ነበር፤ ዛሬ የለም። «መሸነፍ ምንም አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትጫወታለህ። ክለብህ ሲጠፋ ግን ማንን ትወቅሳለህ? ማንን ትጠብቃለህ?» አለ። አጭር መልስ ናት፤ ግን ከሰማኋቸው ሁሉ ከባዷ መሰለችኝ።

እሷ ግን ጥቅምት 3 ቀን 2006ን መረጠች። ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ የተጫወትንበት ቀን።

ወደዚያ ጨዋታ የደረስንበት መንገድ ራሱ ቁስል ነበረው። ሰኔ 9 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ1 አሸነፍን። አንዱን ጌታነህ ከበደ አገባ፤ ሁለተኛውን የደቡብ አፍሪካው አጥቂ በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ነው ያገባው። ምድቡን አሸነፍን ብለን መንገዱን ሁሉ ሞላነው። በዚያው ምሽት ሌላ ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋና ላይ የተጫወተው ሁለት ቢጫ እያለበት ነው ተባለ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ጨዋታው በፎርፌ 3 ለ0 ለቦትስዋና ተሰጠ። ሦስት ነጥብ ሄደ። በመስከረም ዋዜማ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ1 አሸንፈን ዳግም አለፍን እንጂ፣ ያ ወረቀት ሊቀብረን ነበር። ሜዳ ላይ ያገኘኸውን ቢሮ ውስጥ መቁጠር ስላልተቻለ ማጣት! እስከ ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

«ከሐረር ሌሊት ነው የተነሳነው» አለች። «አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ የሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ላይ ነበርኩ። ስታዲየሙ በጠዋት ሞልቷል። ከእረፍት በፊት አንድ ኳስ መስመር አለፈች ብለን ስታዲየሙ በሙሉ ተነሳ። ዳኛው ቀጥሉ አለ። ከእረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ አጠገቤ የነበረች የማላውቃት እናት ነጠላዋን አልብሳኝ አቀፈችኝ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ብራዚል ነበርን።»

ከዚያ የናይጄሪያው ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። በ90ኛው ደቂቃ ፔናሊቲ ተሰጠ። ራሱ ኤሜኒኬ መታ። 2 ለ1። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ናይጄሪያ 2 ለ0 ደገመችው። የዓለም ዋንጫው ሕልም አለቀ።

«ስታዲየሙ ውስጥ ማንም አልሄደም» አለችኝ። «ተጫዋቾቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እኛም እናለቅሳለን። ግን ታውቃለህ? እንባችን አንድ ላይ ነበር። አጨበጨብንላቸው። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሐረር ስማቸውን እየጠራን ነው የመጣነው። እሱ ቁስል ድኗል። ስለዚህ ነው ዛሬ ቡና እየጠጣሁ የማወራህ።»

«ያልዳነው የትኛው ነው?»

«ያሸነፍንበት።»

ሰኔ 2 ቀን 2014 ነው የምትለው። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ካየናቸው ጨዋታዎች ሁሉ ያማረው ነው። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ጨዋታው ግን የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ስላላሟሉ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲጫወቱ ተገድደው ነበር።

«ግብፅን! በ1954 በአዲስ አበባ ስታዲየም 4 ለ2 አሸንፈን ዋንጫ የወሰድንባትን ግብፅን! እነ መንግሥቱ ወርቁ፣ እነ ሉቻኖ ቫሳሎ ሕዝባቸው ፊት ነው ያሸነፉት። እነ ሽመልስስ? ማን አቀፋቸው? እኔ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ይህን ከዚህ በፊት አልሰማም ነበር። ሦስተኛውን ስኒ ሳንጨርስ ብዙ ተከራከርን። እሱ ድል ድል ነው ባይ ነው። እኔ ከእሷ ጋር ቆምኩ።

ሰኞ

ማታውኑ ወደ ድሬ ወርጃለሁ። ጠዋት ደቻቱ አሸዋ ላይ ልጆች ሲጫወቱ ትንሽ አየሁ። ወንዙ ደረቅ ሲሆን ሜዳ ነው። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ወደ ስታዲየሙ ዞርኩ። ባለ ባጃጁ የከነማ ደጋፊ ነው፤ መስታወቱ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ አስሯል።

የእሱ ቅሬታ ስለ አንድ ጨዋታ አልነበረም። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር እየተሰባሰበ ነው የተካሄደው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ዙሩ ድሬ ሲመጣ ከተማው በኳስ ይጥለቀለቃል። ሲሄድ ደግሞ ክለቡም አብሮ ይሄዳል። «አሥራ ስድስት ክለብ እዚህ ሲጫወት አይቻለሁ» አለኝ። «የእኔ ክለብ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲሆን ግን ሌላ ከተማ ነው። ቢሸነፍ ማን ላይ እጮሃለሁ? ቢያሸንፍ ማንን እሸከማለሁ? ስልኬ ላይ ውጤት እጠብቃለሁ።»

አባባ ትዝ አሉኝ፤ አክራን ሲጠብቁ፣ ሬዲዮ ከበው ግብፅን ሲሰሙ። መምህርቷም ሳሎኗ ውስጥ ብቻዋን። በእነዚህ ቀናት ሰዎች የነገሩኝን ደጋግሜ ሳስበው፣ በዓይናቸው ፊት የተሸነፉትን በኩራት ጭምር ነው የሚያወሩት። ድምፃቸው የሚሰበረው በሩቅ ስለቀረባቸው ነው። እኔም ለጥያቄዬ የራሴን መልስ እዚህ ላይ አገኘሁ። የእኔም ሊሎንግዌ ናት። ድሉን ስታዲየም ውስጥ ላንገኝበት ያደረገን ተጋጣሚ አልነበረም። ሲሚንቶ፣ ሣር፣ መብራት፣ መልበሻ ክፍል ነው። እነዚህ ደግሞ ሰው የሚሠራቸው ነገሮች ናቸው። በ1968 ናይጄሪያን፣ ሞሮኮን፣ ሱዳንንና ዛየርን ያስተናገደ ከተማ የአገሩን ቡድን ማስተናገድ ይገባዋል። ይህን የምለው ድሬን ለማሞገስ አይደለም፤ አባባ በሕይወት እያሉ እንዲያዩት ነው የምፈልገው።

ስታዲየሙ በር ላይ ቆመን ባለ ባጃጁን ጠየቅኩት። «ዋልያዎቹ እዚህ ቢመጡስ?»

«አቦ፣ ቀኑን ብቻ ንገረኝ!» አለ። «ከገንደ ቆሬ እስከዚህ ሰው በነፃ አመላልሳለሁ። ከዚያ ባጃጄን ቆልፌ እገባለሁ።»

«ቢሸነፉስ?»

«ይሸነፉ! እዚሁ እኔ ፊት ይሸነፉ። ማታ ቁጭ ብለን እንሰዳደባለን፤ በሚቀጥለው ደግሞ እንመጣለን።»